ለንጉሡ የጻፍነው ማመልከቻ

የወንድሜ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ለሁለት ሳምንት ንጉሥ ሆነች።

ትምህርት ቤቱ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ከተማ ነው፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ። ልጅቱ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ጫማዋን በር ላይ አንዱን በአንዱ እየገፋች ነገረችኝ። አስተማሪዋ የወረቀት ዘውድ ደፍታ ገባች። ለእያንዳንዱ ልጅ ሠላሳ ፍሬ ባቄላ አደለች። ከዚያ ያደለችውን መልሳ በቀረጥ መሰብሰብ ጀመረች። እርሳስ ለመቅረጽ አንድ ባቄላ፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ሁለት፤ መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ በየቀኑ አንድ። ያስነጠሰ ሳይቀር ይከፍላል።

«ለምን ብላችሁ አትጠይቋትም?» አልኳት።

«ኪንግ ናት እኮ፣ አንቲ። ጀስት ትወስዳለች።»

ጨዋታው የታሪክ ትምህርት ነው። ከባሕር ማዶ የተቀመጠ ንጉሥ እዚህ አገር የሰፈሩትን የራሱን ሰዎች በቀረጥና በትእዛዝ እንዴት እንዳስመረራቸው፣ እነሱም በመጨረሻ እንዴት እንደሸፈቱ፣ ልጆቹ በመጽሐፍ ከማንበባቸው በፊት በራሳቸው እንዲቀምሱት ነው። አስተማሪዋ የምትጠብቀው ቁጣ ነበር፤ መጣላትም። በሦስተኛው ቀን ባቄላውን ካልሲው ውስጥ የደበቀ ተገኘ። በአራተኛው ቀን አንዱ ሰሌዳው ላይ «አንከፍልም» ብሎ ጻፈ። የኛዋ ግን ትከፍላለች። የራሷን ከፍላ ስትጨርስ ሽንቷ ለመጣባት ጓደኛዋም ከፈለችላት።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ከመውረዷ በፊት የሚላት አንድ ነገር አለ፦ «አስተማሪሽ ያለችሽን ስሚ። መልስ አትመልሺ።» ልጅቱ ሰማች። አስተማሪዋ ግራ ቢገባት ለወላጆች ኢሜይል ጻፈች፤ ልጃችሁ በጣም ጨዋ ናት፣ ግን ትንሽ አሳስባኛለች የሚል። ወንድሜ እስከ «ጨዋ ናት» ድረስ አነበበና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ስልኩን ለሚስቱ አቀበላት። ቀሪውን ያነበበችው እሷ ናት። አልነገረችውም።

ያን ጊዜ እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሎተሪ ደርሶኝ ከደሴ ስመጣ ቲኬቴን የቆረጠልኝም፣ ቤቱ ያስገባኝም ወንድሜ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። ኤርፖርት ተሳፋሪ ያመላልሳል። እኔ ግሬፕቫይን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ አነጥፋለሁ። የምነዳው መኪና በሱ ስም ነው፣ ኢንሹራንሱ በሱ ስም ነው፣ ስልኬ በሱ መስመር ላይ ነው። ከደሞዜ የቤት ተብሎ የሚወሰድ አለ። ስንት እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው፤ ሲጨምርም የማውቀው ከጨመረ በኋላ ነው።

እንግዳ ደግሞ አለ። ከወሎ ተነሥቶ እዚህ ኤርፖርት የሚያርፍ ሰው ሁሉ የወንድሜን ስልክ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እሱ አይሆንም ማለት አያውቅም፤ ሥራ እስኪያገኙ ቤቱ ይቀመጣሉ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ እኔ ክፍል። በሦስት ዓመት አምስት ሴቶች አልፈውበታል። አንዳቸውንም አልጠላሁም። ግን አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ ሰው ልናስገባብሽ ነው» ያለኝ የለም። ከሥራ ስመለስ አዲስ ፍራሽ ተነጥፎ አገኛለሁ፣ በቃ። በዚያ ሰሞን የነበረችው የኮምቦልቻ ልጅ ሌሊት መጋዘን ሠርታ ቀን የምትተኛ ነበረች። እኔ ደግሞ እረፍቴ ቀን ነው። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ በር ላይ የቆመ መኪናዬ ውስጥ እየተቀመጥኩ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ስንኝ ሳልጽፍ ስልኬ ይጮኻል።

«ቤት ደርሰሻል አይደል?» ይላል ወንድሜ ከኤርፖርት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አትገቢም? ሃያ ደቂቃ በር ላይ።»

የት እንዳለሁ በስልኩ ያያል። ይህን ስናገር እንደ ክፉ ሰው እንዳትስሉት። ነገሩ የተጀመረው በመጣሁ በሁለተኛው ወር ነው፤ ወደ ቤት የሚያስገባኝ መውጫ አምልጦኝ ፎርት ዎርዝ ገባሁና የማላውቀው ሕንፃ ጓሮ መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ። ተሳፋሪ ሊጭን ተራ ላይ ነበረ። ተራውን ጥሎ ወጣና ሎኬሽንሽን ሼር አድርጊ አለኝ፤ እንዴት እንደሚደረግም ነገረኝ። አብሽሪ፣ አይሻለሁ፣ አሁን ቀኝ፣ አሁን ቀጥ በይ እያለ በስልክ ቤት አደረሰኝ። «እስክትለምጂ አታጥፊው» አለ። በስድስት ወር ለመድኩ። እሱ ግን አልለመደም።

መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓርብ ዓርብ ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ሲበተን፣ ባዶ በቀረው የመስጊዱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ። ከጎኔ ተቀምጦ አንድ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ፣ መሰናክል እንዳይመታኝ በእጁ የሚያቆመው ይመስል ነበር። ስሳሳት አይቆጣም፤ ሲሳቅበት የኖረ ቀልድ ነበረው፦ «ምሰሶውን ተይው፣ ቤተሰብ አለው» ይለኛል። ያን እጅ አሁንም አየዋለሁ። ምናልባት ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለዚያ እጅ ይሆናል።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ወረቀትና እርሳስ ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለኪንጉ ሌተር ጻፉ አለች። ኮምፕሌይን።»

«አቤቱታሽን ጻፊያ።»

«እኔ ኮምፕሌይን የለኝም። ናይስ ናት።»

«ባቄላሽን ወስዳ ጨርሳለች እኮ።»

«ኦኬ፣ ግን የሷ ባቄላ ነው መጀመሪያ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳላስበው የአባታችን ሥራ መጣብኝ። አባታችን ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ተክሎ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ነበር። መሬት የተነጠቀ፣ ግብር የበዛበት፣ ጡረታው የቀረበት ሁሉ ፊቱ ተቀምጦ ይናደዳል፤ እሱ ቁጣውን ሰምቶ ሌላ ነገር ይጽፋል። ሕግ ነበረው። ማመልከቻ ከምስጋና ይጀምራል፤ ያላመሰገነ ከሳሽ ተሳዳቢ ነው። ቀጥሎ ማን እንደሆንክ ትናገራለህ፣ ዝቅ ብለህ። «ነገር ግን» የሚባለው አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለት «ነገር ግን» ያለበት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ይቀራል ይል ነበር። መጨረሻው ደግሞ ማስፈራሪያ አይደለም፦ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ጽፎ ሲያበቃ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የተቆጣው ሰው የራሱን በደል እንዲያ ሥርዓት ይዞ ሲሰማ ያለቅስ ነበር።

«እሺ፣ እኔ ልንገርሽ አንቺ ጻፊ» አልኳት።

በአማርኛ እላታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ከምስጋናው ስናልፍ ግን ሸሚዙን አስቀመጥኩት። ቃሉ ሳልጠራው እየመጣ ነበር፤ እሷ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ትጽፋለች።

«እንግዳ» ስል እርሳሷን አቆመች። «አንቲ፣ መጽሐፉ ላይ ሶልጀር ነው። ኪንጉ ሶልጀሮች በሰዎች ቤት አስተኛ ይላል፣ ሳይጠይቅ። ሶልጀር ልበል?»

ወታደር በሰው ቤት ማሳደሩን አላውቅም ነበር።

«እንግዳ በይው» አልኳት።

አስተማሪዋ ወላጆችን የምትጠራበት ቀን ሐሙስ ከሥራ በኋላ ነበር። ወንድሜ ወትሮ አይሄድም፤ ያ ሰዓት ኤርፖርት የሚሞቅበት ነው። ግን የልጅሽ ደብዳቤ ተመርጧል፣ እሷው ታነበዋለች የሚል መልእክት ለሚስቱ ደርሷት ነበርና ኮቱን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። እኔም ሄድኩ። የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ያህል ይዛ ትወጣለች አላልኩም። ልጅ አሳጥራ፣ ግማሹን ረስታ ትጽፋለች ብዬ ነበር። እኛ ቤት ያለችው ልጅ ግን የተባለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። የወንድሜ ጉልበት ደረቱ ጋ ደርሷል። ልጅቱ ቆማ አነበበች።

«ውድ ንጉሥ ሆይ። ውቅያኖሱን ያሻገሩን እርስዎ ነዎት። ጠላት ሲመጣብን የተዋጉልን እርስዎ ነዎት። መንገድ ሲጠፋብን ያገኙን እርስዎ ነዎት። ይህን አንረሳም።»

ወንድሜ ፈገግ አለ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አሳምራ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም።

«እኔ ከልጆችዎ ትንሿ ነኝ። ያለኝ ሁሉ ከእርስዎ የመጣ ነው። ነገር ግን ከእጄ ሲወስዱ ስንት እንደሆነ አይነግሩኝም፤ ሳይጠይቁኝ እንግዳ ክፍሌ ያስገባሉ፤ ስልኬ ውስጥ ተቀምጠውም የት እንደቆምኩ ያያሉ።»

ወላጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ባለዘውዷ አስተማሪም ሳቀች፤ «ያን ጊዜ ስልክ ነበር እንዴ?» አለቻት በፍቅር።

«አንቲዬ ናት ያለችኝ» አለች ልጅቱ፣ በእርሳሷ ወደኔ እየጠቆመች።

ሁሉም ዞሮ አየኝና የበለጠ ሳቀ። አንድ አባት አጨበጨበልኝ። ወንድሜ አልዞረም። ልጅቱ ጨረሰች፦ «እንድንፈራዎ አይፈልጉም፣ እኛም ልንሸሽዎ አንፈልግም። ውሳኔው የእርስዎ ነው።»

ልጅቱና እናቷ በራሳቸው መኪና ሄዱ። እኔ በሱ ገባሁ። ቁልፉን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። ፊት ለፊታችን አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ እየጫኑ ያልፋሉ።

«የአባባ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«አታሞኚኝ። ምስጋናው የአባባ ነው። ‹ነገር ግን› አንዴ ብቻ። ‹ውሳኔው የእርስዎ ነው።› የቴክሳስ ልጅ እንደዚያ ብላ አትጽፍም።»

የመኪናውን ቀበቶ ስቤ አሰርኩ።

«እኔ ንጉሥ ነኝ? እስቲ ዘውዴን አሳዪኝ» አለ። ራሱን ወደኔ አዘንብሎ መላጣውን አሳየኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰብሯል። «ለኔ መናገር አቅቶሽ በልጄ አፍ ከሰስሽኝ። በፈረንጅ ፊት።»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር፣ ጋሼ?»

ብዙ አሰበ። «አላውቅም» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴታ!» ይል ነበር። ሁልጊዜ የሚያናድደኝም የምወድለትም ይህ ነገሩ ነው፤ አይዋሽም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠራኝ። ከዛሬ ጀምሮ የቤት ብለሽ ምንም አትስጪ አለ። መኪናውን በስምሽ አዞርልሻለሁ አለ። የኮምቦልቻዋ ልጅ ክፍል እስክታገኝ አንድ ወር ትቀመጥ እንደሆነ ፈቃዴን ጠየቀኝ፤ «ፈቃድሽ ከሆነ» አለ፣ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንዷን ብቻ ተይልኝ» አለ። «ሎኬሽኗን። አላይም። ወላሂ አላይም። እዚያ መኖሯን ሳውቅ ይበቃኛል።»

«እሺ» አልኩ። ምን እላለሁ? ሁሉን ሰጥቶኛል።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ ልጅቱ የንጉሡን መጨረሻ ነገረችን። ሰዎቹ አቤት ሲሉበት ንጉሡ ቀረጡን በሙሉ አነሣ፤ የሻይ ብቻ ቀረ። ሻዩ ደግሞ ከበፊቱም ረከሰ።

«ግን አልጠጡም» አለች። «ባሕር ውስጥ ጣሉት።»

«ለምን?» አለ ወንድሜ፣ ከልቡ ገርሞት።

«ምክንያቱም ያቺን ቀረጥ ከከፈሉ፣ ማለቴ፣ ኪንጉ ራይት አለው ማለት ነው። ሌላ ታይም ሁሉንም ማምጣት ይችላል።»

«ቂሎች!» አለ። «ርካሽ ሻይ ከተገኘ ጠጥቶ ዝም ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ከልቤ ነበር የሳቅኩት።

ሁለት ወር በዚያ ኖርኩ። እውነቴን ነው፣ ደህና ነበር። ወንድሜ ቃሉን ጠብቆ አልደወለም። ግን ነዳጅ ልቀዳ ስቆም፣ ከመንገድ ወጥቼ አንድ ዛፍ ሥር ስቆም፣ ይህ በሱ ስልክ ላይ ምን ይመስላል እላለሁ። ደብተሬ ውስጥ እንኳ የቦታ ስም መጻፍ ተውኩ። የማይታየኝ ሰው ያየኛል ብዬ የራሴን ስንኝ ባዶ አደረግኩት። ቀረጡ ጥቂት ነበረ፤ እኔ ግን ከሚጠይቀው በላይ እከፍል ነበር።

አንድ የእረፍት ቀን ያለ ምንም ጉዳይ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ፤ ሮውሌት የምትባል ከተማ ደርሼ ሐይቁ ዳር ቁጭ አልኩ። ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ነበር፤ ምንም አልያዘም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ቤት ስገባ ወንድሜ ልጅቱን ሒሳብ እያሳያት ነበር። ቀና ሳይል፣

«ሮውሌት ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ማንም የሌለበት ቦታ ሁለት ሰዓት?»

በክፋት አልነበረም። እንደ ተራ ነገር ነበር የጠየቀኝ። ለዚህም ነው የመረረኝ። በማግስቱ ሎኬሽኑን ከማጥፋቴ በፊት ፊቱ ቆሜ ነገርኩት፤ ጋሼ፣ አጠፋዋለሁ፣ ተሰውሬ ሳይሆን ነግሬህ ነው የማጠፋው አልኩት።

«ማጥፋት ትችያለሽ» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «እዚህ ቤት ሆነሽ ግን አይሆንም» አለ።

የጠበቅኩት ሌላ ነበር። እሱም የጠበቀው ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ሁለታችንም አንዳችን እስኪመለስ ቆመን ቀረን፤ የተመለሰ የለም።

አሁን የምኖረው ሮውሌት ነው፤ ባሏ የሞተባት አንዲት ቬትናማዊት ሴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ግጥም ጻፍኩ፣ የቦታ ስም የሞላባቸው። ሥራዬ ያው ግሬፕቫይን ስለሆነ መንገዱ ረዝሟል፤ ሲመሽብኝም ሲነጋብኝም የት እንደሆንኩ በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን በደስታ ለራሴ እነግረው ነበር። አንድ ቀን ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሌላ ድምፅ ስለው ሰማሁት።

ሰፋሪዎቹ ከድሉ በኋላ ንጉሡ ይናፍቃቸው እንደነበር የልጅቱ መጽሐፍ አይናገርም። ጠይቄያታለሁ፤ «ኖ፣ አንቲ፣ ዊን አደረጉ» አለችኝ። እኔ ግን የአባቴን ሕግ አውቃለሁ፦ በምስጋና የጀመረ ማመልከቻ ምስጋናው የውሸት አይደለም። ውቅያኖሱን ያሻገረኝ እሱ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መኪና ማቆሚያው ባዶ ሲሆን፣ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ የሌለ ሰው ምሰሶው ቤተሰብ እንዳለው ይነግረኛል።

ለዒድ ጠሩኝ። ቤድፎርድ ያለውን በር ሳላንኳኳ ልገባ ስል ተቆልፎ አገኘሁት፤ አንኳኳሁ። ልጅቱ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። የወንድሜ ሚስት ልጆቹን ከሶፋው አስነሥታ ለኔ ቦታ አስለቀቀች። ምግብ መጀመሪያ ለኔ ቀረበ። ወንድሜ «ብዪ፣ ብዪ፣ ቤትሽ ነው፣ አትፈሪ» አለኝ፣ እንግዶቹን እንደሚለው። እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ስኖር ቤትሽ ነው ያለኝ አልነበረም። ሻርፔን ላስቀምጥ ወደ ድሮ ክፍሌ ስሄድ የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግቢ፣ ግቢ አሉኝ ተነሥተው። ገብቼ ወጣሁ።

ስለ ሥራ ጠየቀኝ፣ ስለ ጎማ ጠየቀኝ። ስለ ቤት ኪራይ አልጠየቀኝም። ከማን ጋር እንደምኖር አልጠየቀኝም። አዲስ ነገር ጻፍሽ ወይ አላለኝም፤ ድሮም አይልም ነበር።

ለመሄድ ስነሣ እስከ መኪናው ሸኘኝ። የኋላውን ጎማ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ተሳፋሪዎቹን እንደሚያደርገው በሩን ከፍቶ ያዘልኝ። ገባሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ከዚህ ወዴት ነሽ እስኪለኝ ጠበቅኩ።

አላለም።

«ሮውሌት ስገባ እደውልልሃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።

«እንደፈለግሽ» አለ።

ለሦስት ዓመት ከአፉ ልሰማው የፈለግኩት ይህ ነበር። በቁጣ አልነበረም ያለው፤ ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋልኝና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሞተሩን ሳላስነሣ ትንሽ ቆየሁ። መስኮቱንም ዝቅ አደረግኩት፣ ሌላ የሚጠይቀኝ ነገር ካለ ብዬ።